ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም

ባለፈው ቅዳሜ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስንመለስ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጄ ማህሌት አጠገቤ ጋቢና ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። የጋሽ ሳህሌን ለቅሶ ደርሰን ነው የምንመለሰው። ጋሽ ሳህሌ ወጣት ሳለሁ አብረውኝ የሠሩ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አይተው ነው ያረፉት። የለቅሶ ቤት ሰው ደግሞ መቼም "እህል ሳትቀምሱ የት?" እያለ አይለቅም። ከምሳ በኋላ እንወጣለን ያልን ሰዎች ጉብሬን ስናልፍ ፀሐይዋ ከኋላችን ልትጠልቅ ምንም አልቀራትም። ማህሌት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ተነሺ!" አልኳት። "ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም። አውሪኝ። ከፊት የምታዪውን እየነገርሽኝ ሂጂ።"

"እንዴ እማ! አንቺ አታዪውም እንዴ?" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ቃሉ የጋሽ ሳህሌ ነበር፤ ሲያርፉ እንኳ ከእኔ ጋር የቀረ። "ለቅሶው ነው፣ እሳቸውን ሳስብ ስለዋልኩ ነው" ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን ያ ቃል እሳቸው አፍ ላይ የመጣው ለምን እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው ቡታጅራ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸውና፣ እኔ ከእግር እስከ ራሴ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። የዓይን ነርስ ሆኜ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ፣ ዶክተር መኮንን የሚባሉ የዓይን ሐኪም በጉራጌ ዞን ለሚያካሂዱት አንድ ጥናት ሰው ሲፈልጉ "እኔ አለሁ" አልኩ። ደመወዙ ያን ያህል አልነበረም። መኪና መኖሩ ግን ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ከቡታጅራ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ እየተመላለስኩ አገር ማየት። ልጅነት ነዋ!

ጥናቱ ከዕድሜ ጋር ስለሚመጣ የማኩላ ሕመም ነበር። ማኩላ ማለት በዓይናችን የውስጥ ጀርባ፣ ልክ መሃሉ ላይ ያለች ነጥብ ናት። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ የሰው ፊት የምንለየው፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምናስገባው በእሷ ነው። አንዳንድ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይህች ነጥብ ቀስ በቀስ ትደክማለች። ክፋቷ ደግሞ ሲጀምራት ትንፍሽ አለማለቷ ነው። ሕመምተኛውን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አስነብቡት፤ እስከ መጨረሻው መስመር ይወርድላችኋል። "ዓይንህ ደህና ነው" ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ተመልሶ ሲመጣ መሃል መሃሉ ጠፍቶበት፣ የልጁን ፊት ከጆሮው በቀር ማየት ተስኖት ነው።

"ጥፋቱ የሰሌዳው ነው" ይሉ ነበር ዶክተር መኮንን። "በደማቅ ብርሃን ማንም ያነባል። የደከመ ማኩላ ቀድሞ የሚሸነፈው ብርሃን ሲደበዝዝ ነው። እኛም እዚያው ሄደን እንጠብቀው።" በሌላ አገርም ይህንኑ የሚጠይቁ ሐኪሞች ነበሩ። የእኛ ድርሻ ፈተናው ገጠር ውስጥ፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጭምር ይሠራ እንደሆነ ማየት ነበር።

ስለዚህ ቡታጅራ አንድ ክፍል፣ ወልቂጤ አንድ ክፍል ተከራየንና መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንናቸው። ሰሌዳው ላይ ፊደል የለም፤ ሦስት እግር ያላት ምልክት ብቻ ናት፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን የዞረች። አዛውንቶቹ ጨለማው ውስጥ ዓይናቸው እስኪለምድ ይቀመጡና እግሯ ወዴት እንደዞረ በእጃቸው ያሳዩናል። ጨርቁ አዲስ ስለነበር የቀለም ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። አንድ የቸሃ ጉራጌ ሽማግሌ ከበሩ ላይ ቆመው፣ "ዓይናችንን ልታዩ ነው ወይስ ልትሰርቁን?" ብለው እንዳሳቁን አይረሳኝም።

ጨርቁን የሰቀለው፣ መብራቱን የገጠመው ሙባረክ ነበር፤ የመሣሪያ ባለሙያችን። ከእኔ በሁለት ዓመት ቢያንስ ነው፣ የቡታጅራ ልጅ፣ ነገር የማያልፈው ቀልደኛ። መብራቱ እንደ ሬዲዮ ድምፅ በቁልፍ የሚጨመርና የሚቀነስ ነበር። ከቤት ቤት በተዛወርን ቁጥር ታዲያ መስተካከል አለበት። ዶክተር መኮንን ያዘዙን፣ ዕድሜው ከታካሚዎቻችን የሚቀራረብ ዓይነ ጤነኛ ሰው አስቀምጠን፣ እሱ በደብዛዛው ብርሃን ምልክቱን ሲለይ ቁልፉን እዚያ ላይ እንድናቆም ነው። ዓይነ ጤነኛ ከተባለ ደግሞ ከጋሽ ሳህሌ ወዲያ ማን አለ?

ጋሽ ሳህሌ ስልሳን ተሻግረዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው የሚደፉ የቸሃ ሰው ናቸው። በደማቅ ብርሃን የመጨረሻውን መስመር ሳያዛንፉ ይነግሩናል። ማኩላቸውን ለማየት ግን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያስፈልግ ነበር፤ ገና ሥራ ስንጀምር ጠይቄያቸው እምቢ አሉ።

"ጠብታ ጨምረሽብኝ ዓይኔ ሲፈዝ ማን ሊነዳችሁ ነው? አንቺ?" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው፤ ጠብታ የገባበት ሰው ግማሽ ቀን መንዳት አይችልም። መሪ ጨብጦ የሚያውቅ ደግሞ ከእሳቸው በቀር አልነበረም። ደግሞስ፣ ታላቅ ሰው አንዴ እምቢ ካለ ማን ደፍሮ ይጫነዋል? ተውናቸው። ዶክተር መኮንንም ቢሆኑ "የጋሽ ሳህሌ ዓይን ምን ይሆናል!" ብለው አለፉት።

መኪናቸው ውስጥ ሕግ ነበራቸው። ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም። ከዚያም ጨዋታ አለ፤ ከፊት የመጣውን ቀድሞ ያየ ይጮሃል። "ላም በግራ!" "ጋሪ በቀኝ!" "ሴትዮ ከነሸክሟ!" ቀድሞ ያየ ከረሜላ ይሸለማል። ተረኛዋ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ፤ ኪሴ ከከረሜላ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ለመዝናኛ መስሎን እንደ ሕፃን እንጮሃለን።

ሌላም አመል ነበራቸው። ጾም ካልሆነ ሥጋ ቤት ጎራ ሳይሉ አይውሉም፤ የሚያዙትም ጉበት ነው። ጥሬ ጉበት! ከፊታቸው ክትፎ በኮባ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ፣ አይብ ከጎኑ፣ ቆጮው ትኩስ ቀርቦ እሳቸው ጉበታቸውን በሚጥሚጣ ይነክራሉ።

"ጋሽ ሳህሌ፣ ጉራጌ ሆነው ክትፎ ጥለው ጉበት! አገርዎን አዋረዱት እኮ!" ይላቸዋል ሙባረክ።

"አንተ ሲገባህ ነው!" ይሉታል። እንስቃለን።

ያ ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ሥራችን መላ ቅጡ ጠፋ። ጋሽ ሳህሌን ጨለማው ክፍል እናስቀምጣለን። "አልታየኝም፣ ጨምሩ" ይላሉ። ሙባረክ ቁልፉን ያዞራል። "ጨምር፣ ጨምር።" በመጨረሻ ምልክቷን ሲለዩ ክፍሉ ጨለማ መባሉ ቀርቶ እህል የሚለቀምበት ሆኗል። "መብራቱ ነው" አልን። ሙባረክ አምፖል ቀየረ። ሽቦ ቀየረ። ወልቂጤ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄዶ ተጣላ። ጨርቁን ሳይቀር ጥፋተኛ አድርገን አወረድነው፣ መልሰን ሰቀልነው። ጋሽ ሳህሌ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርንም።

በዚያ ብርሃን ታዲያ ሁሉም ሰው አየ። ማኩላቸው መድከም የጀመረባቸውም ያልጀመረባቸውም እኩል እጃቸውን እየጠቆሙ አለፉ። ዶክተር መኮንን ውጤቱን አገላብጠው አገላብጠው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ፈተናችን አይረባም ማለት ነው" አሉ። "አዲስ አበባ ልሂድና ለላኩን ሰዎች ልንገራቸው። በከንቱ ሽማግሌ ማንገላታት ይብቃ።"

በሚቀጥለው ጠዋት ሄዱ። ከተመለሱ ጥናቱ ያበቃለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ የሥራው መዘጋት ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ አዛውንት ከየገደሉ ወርዶ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው "ሳይብስብን እናውቃለን" ብሎ ነው። ምን ብለን ልንመልሳቸው ነው?

ያን ዕለት እኛ ወልቂጤ የቀሩንን ሰዎች ለመጨረስ ነበር ያለነው። ጋሽ ሳህሌ ጎማ ተንፍሶባቸው ጎሚስታ ቤት ሄደዋል። ሙባረክ መብራቱን ፈትቶ ሲያጸዳ ውሎ ቁልፉን መጀመሪያ የነበረበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ መልሶ ገጥሞታል። የሚቀመጥልን ሰው ስናጣ የግቢውን ዘበኛ ጠራናቸው፤ ጥርሳቸው የረገፈ፣ በዕድሜ ከጋሽ ሳህሌ የሚበልጡ ሰው። የዓይናቸውን ጀርባ ገና ሥራ ስንጀምር አይቼው ንጹሕ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ክፍሉ ውስጥ እኔ የራሴን እጅ ለማየት እቸገራለሁ። ትንሽ ከተቀመጥን በኋላ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

"ይቺ ወደ ላይ ናት። ያቺ ወደዚህ። ታችኛዋ ደግሞ... ወደ መሬት" አሉ። እንደ ቀልድ።

 የሙባረክን ትንፋሽ እሰማለሁ።

"ሱብሃነላህ" አለ በመጨረሻ። "መብራቱ ምንም አልሆነም።"

ክው አልኩ። መብራቱ ምንም ካልሆነ የሆነው ሌላ ነው። ከረሜላው፣ ጨዋታው፣ "ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም" የሚለው ሕግ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አለ። እኛ ለሳቅ ስንጮህ ሰውየው በእኛ ዓይን ኖሯል የሚነዱት! በዚያው ቅጽበት ከውጭ የመኪናችን ጥሩምባ ተሰማ። ጋሽ ሳህሌ ጎማቸውን አስጠግነው መምጣታቸው ነው።

ብዙ ጊዜ ከወልቂጤ የምንነሳው ምሳ እንደበላን ነው። ያን ቀን ግን ጎማው አዘግይቶን አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ቡታጅራ የቀጠርናቸው ሰዎች አሉ። ሙባረክ ዓይን ዓይኔን ያያል። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ የኖረን ሰው፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ "አያዩም" ልበላቸው? በምን ማስረጃ? አንድ ዘበኛ እጁን ስላነሳ?

"ጋሽ ሳህሌ፣ መሸ እኮ። እዚሁ ብናድርስ?" አልኩ።

"ምን አስፈራሽ? ይሄ መንገድ እኔን ያውቀኛል። ግቢ!"

ገባሁ፤ ጋቢና። ሙባረክ ከኋላ ከዕቃዎቹ ጋር ተቀመጠ። እስከ ጉብሬ ፀሐይ ስለነበር እሳቸውም እያፏጩ ነዱ። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን ስንያያዘው ነገሩ ይለወጥ ጀመር። ያኔ መንገዱ ፒስታ ነው፤ ክረምቱ ሸርሽሮታል፣ በአንድ ወገን ገደል በአንድ ወገን ቦይ። የእንሰቱ ቅጠል ውሃ እንደጠጣ ያብረቀርቃል። ሰዉ የመስቀልን በዓል ዘመዱ ጋ ሰንብቶ የሚመለስበት ሰሞን ስለነበር መንገዱ ዳር ዳሩን እግረኛ አለው፣ ከብት አለው። ወደ አገና እየተጠጋን ስንወጣ ጭጋጉ ከላይ ወረደ። ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀመረ።

እኔ አፌ ተሳስሯል። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት ብዬ ልጀምር?

"ምነው ዛሬ?" አሉ ጋሽ ሳህሌ። "ከረሜላ ጠላሽ?"

"ላም... በግራ" አልኩ።

"እሰይ።" ትንሽ ወደ ቀኝ ሳብ አደረጉ። ላሟ ግን ከመንገዱ ወጥታ ሣሩ ላይ ነበረች፤ እሷን ለማለፍ ማንም መሪ አያዞርም። ዝም ስል መኪናው ቀስ ይላል። ስናገር ይፈጥናል። አይ የኔ ሞኝነት! ስንት ወር አብሬያቸው ስሄድ ይህን አላየሁም።  "ጋሽ ሳህሌ፣ እዚህ ጋ ያቁሙ" ልል አፌን ከፈትኩ።

በዚያው ቅጽበት ከኩርባው ጫት የጫነ አይሱዙ ብቅ አለ። ረጅሙን መብራት እንዳበራ በጭጋጉ ውስጥ እየከነፈ መጣና ጎናችንን ታክኮ፣ ጠጠር እየረጨ አለፈ። እኔም ዓይኔ ፈዘዘ። ጨፈን ከፈት ሳደርገው ግን መንገዱ ተመለሰልኝ። ከፊታችን፣ ልክ መሃል ላይ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በቃጫ ገመድ ጀርባዋ ላይ የተሸከመች ሴትዮ ፍየሏን እየጎተተች ትሻገራለች። ሸክሙ አጉብጧታል። ቀና ብላ አላየችንም።

ጋሽ ሳህሌ ነዳጅ እንደረገጡ ናቸው።

"ሰው! ሰው! ጋሽ ሳህሌ ሰው!" ብዬ ጮህኩና እጃቸውን ያዝኩ።

ፍሬን ረገጡ። መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ ከኋላ የሙባረክ ዕቃ ተንኮታኮተ። ቆምን። ሴትዮዋ ከመብራቱ ፊት፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት ያህል ቀርባ፣ አፏን ከፍታ ቆማለች። ፍየሏ ትጮሃለች። ጋሽ ሳህሌ አንገታቸውን አስግገው መስታወቱን ያያሉ፣ ወደ ግራ ያያሉ፣ ወደ ቀኝ ያያሉ።

"የት ነች?" አሉኝ።

ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ከፊታቸው የቆመችውን ሴት "የት ነች?" አሉኝ።

ሴትዮዋ ድንጋጤው ሲለቃት መጀመሪያ በጉራጊኛ፣ ኋላ እንዲገባን ብላ በአማርኛ ወረደችባቸው። ኮፈኑን በጡጫ እየመታች፣ "አንተ ሰውዬ! ዓይን የለህም ወይ? ዓይን የለህም?" ትላለች።

ይህን ስድብ የማያውቅ ሹፌር የለም። ጋሽ ሳህሌም መልስ የማያጡ ሰው ነበሩ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን "አንቺስ ጆሮ የለሽም?" ብለው ያስቋት ነበር። ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ኮፈኑን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ድምፅዋ ሄዱና ቆባቸውን አወለቁ።

"የለኝም እህቴ" አሏት። "ይቅር በይኝ። የለኝም።"

እጇን ከኮፈኑ ላይ አነሳች። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ስለተረፈች ይሁን፣ ያ ኩሩ ሰው ቆቡን ስላወለቀ ይሁን ዛሬም አላውቀውም።

ግን እዚያ መቆም አይቻልም። ያለነው ኩርባ ላይ ነው፤ እንደዚያኛው ያለ ሌላ መኪና ቢመጣ ገደል ይዞን ይገባል። ሴትዮዋ፣ እትዬ ብርቅነሽ ነው ስማቸው፣ ቤታቸው ከዳገቱ ማለቂያ ላይ እንደሆነና ደጃቸው ሰፊ ሜዳ እንዳለ ነገሩን። እስከዚያ ማን ይንዳው? ሙባረክም እኔም መሪ ነክተን አናውቅም።

"ነጭ ይታየኛል" አሉ ጋሽ ሳህሌ። "ሲስተርዬ፣ ነጠላሽን ጀርባሽ ላይ ዘርጊና ከፊቴ ሂጂልኝ። መሃል መንገዱን እንዳትለቂ። ሙባረክ፣ አንተ ጋቢና ግባ።"

አስቡት እንግዲህ። "የት ነች?" ያሉኝን ሰው ከኋላዬ መኪና አስይዤ፣ እኔ ከፊት በእግሬ! እምቢ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ነጠላዬን በትከሻና በትከሻዬ ላይ ዘረጋሁና መራመድ ጀመርኩ። ሞተሩ ከኋላዬ ሲያጉረመርም ወገቤ ላይ ሙቀቱ ይሰማኛል።  ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል፤ ብወድቅ ያዩኝ ይሆን? የሙባረክ ድምፅ በመስኮቱ ይመጣል፤ "ቀኝ... ትንሽ ቀኝ... ቀጥ ይበሉ ጋሽዬ... ቢስሚላህ።" ትንሽ እንደሄድኩ ሻካራ እጅ እጄን ያዘኝ። እትዬ ብርቅነሽ ነበሩ፣ ከነሸክማቸው፣ ከነፍየላቸው። "አይዞሽ" አሉኝ፣ "ሁለታችንን አይስተንም።" ከነዚያ ጉልበታም እጆች ጋር ዳገቱን ጨረስኩት።

ያን ምሽት እትዬ ብርቅነሽ ቤት ነው ያደርነው። ሊገድሏቸው የነበሩትን ሰዎች ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው፣ ቆጮ በጎመን፣ አይብ ደርበውበት አቀረቡልን። ጋሽ ሳህሌ አልጎረሱም። ጢሱን እያዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

"ቀን ቀን ምንም የለብኝም። መሸት ሲል ግን መሃሉ ይጨልምብኛል። መብራት ካበሩብኝ ደግሞ ቶሎ አይመለስልኝም። ዳፍንት መሰለኝ። ለዳፍንት ጉበት ነው መድኃኒቱ ይባል የለ? ይኸው ጉበት ስበላ ከረምኩ።"

ሙባረክ አንገቱን ደፋ። በዚያ ጉበት ስንቴ ቀልዶባቸዋል።

"ለምን አልነገሩንም ጋሽ ሳህሌ? የዓይን ሰዎች እኮ ነን!" አልኩ፤ ተናድጄም ነበር።

"ለዓይን ሰዎች መንገር ነው እንጂ የሚፈራው! ሹፌር ዓይኑ ታመመ ከተባለ ምኑ ይቀራል?" አሉና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ከሰውነታቸው ሙቀት የተነሳ ይሞቅ ነበር። "ያዢው። አልቀበልም እንዳትይኝ። ጠብታውንም ነገ አድርጊልኝ።"

በነጋታው ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ ቦግ ሲል ቁልፉን መለስኩላቸውና ቡታጅራ ገባን። ለዶክተር መኮንን አዲስ አበባ ደወልን፤ የሄዱበትን ጉዳይ ሳይጨርሱ በማግስቱ መጡ። ጠብታውን እኔ አደረግሁ። ዶክተሩ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩ። ሁለቱም ዓይኖች ጀርባ፣ ማኩላው ዙሪያ፣ የሕመሙ ጅማሬ የሆነው ቢጫ ነጠብጣብ ተረጭቶ ነበር። ቀና ብለው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

"የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው! መለኪያ ያደረግነው የታመመውን ዓይን ኖሯል። ፈተናውማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቱን እየነገረን ነበር፤ እኛ ነን ያላመንነው።"

መብራቱን ዓይናቸው ታይቶ ጤነኛ በሆነ ሰዎች አስተካክለን ከአዛውንቶቹ ብዙዎቹን እንደገና ጠራናቸው። አሁን ተለያዩ። በደማቅ ብርሃን ሁሉም እኩል ለዩ፤ በደብዛዛው ግን አንዳንዱ እጁን አንስቶ በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ይቀራል፤ የዓይኑን ጀርባ ስናይ ነጠብጣቡ አለ። ጥናቱ አልተዘጋም። ዓለምን ገለበጥን አልልም፤ መድኃኒትም አላገኘንም። ግን ለእነዚያ ሰዎች "ማታ መንገድ ላይ ተጠንቀቁ፣ ሲጋራ ተዉ፣ ቶሎ ቶሎ ታዩ" ማለት ቻልን። ለጋሽ ሳህሌም ያው ነው የተባለው። ዶክተር መኮንን ከሥራ አላስወጧቸውም፤ ፀሐይ ሳለ ብቻ እንዲነዱ ተደረገ።

"አመሻሹስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አመሻሹ ያንቺ ነው" አሉኝ ጋሽ ሳህሌ።

ቡታጅራ ኳስ ሜዳ ላይ መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማርሽ ባስጮህኩ ቁጥር "ጥርሱን አታፋጪበት!" እያሉ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ቀን ከረሜላ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከመሪው ይወርዱና ጋቢና ይቀመጣሉ። አይተኙም። ብዙም የሚያዩት ባይኖርም፣ ያወሩኛል።

እነሆ ባለፈው ቅዳሜ በዚያው መንገድ፣ አሁን አስፋልት በሆነው፣ ከዚያው ኩርባ ላይ ደረስኩ። ማህሌት አሁንም ትስቃለች። ከፊት አንድ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ መጣና አለፈ። ዓይኔን ጨፈን ከፈት አደረግሁ። መንገዱ አልተመለሰልኝም። ጠበቅሁት። ቆይቶ፣ ከዳር ዳሩ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ባለፈው ወር ሰርግ አዳራሽ ውስጥ የገዛ እህቴን ፊት መለየት ያቃተኝ፣ "የዛሬ ዘመን መብራት" ብዬ ያማረርኩት ትዝ አለኝ። የሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር ዛሬም አነባለሁ፤ እሱ ዋስትና እንደማይሆን ለማንም አልነገርኩም እንጂ አውቀዋለሁ።

ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ።

"ምነው እማ?"

"ደከመኝ" ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ሽማግሌ ስገሥጽ ኖሬ! ቁልፉን ነቅዬ ለልጄ ዘረጋሁላት።

"አይታየኝም" አልኳት። "ሰኞ ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ። ጨለማ ክፍል ያለው ጋ።"

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ቁልፉን ተቀበለችኝ፣ ወርዳ በመኪናው ፊት ዞረች፤ በመብራቱ ውስጥ ስታልፍ ነጭ ሹራቧን ብቻ አየሁት። እኔ ጋቢና ገባሁ። ሕግ ሕግ ነውና አልተኛሁም፤ ከፊት ከፊት እያየሁ ሄድኩ።

"ሰው አለ፣ በቀኝ" አልኳት ትንሽ እንደሄድን።

ማህሌት ፍጥነቷን ቀነሰችና አየች።

"እማዬ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ግንድ ነው።"

"እሺ" አልኩ። "አንቺ ንገሪኝ እንግዲህ።"

እስከ ቡታጅራ ድረስ ነገረችኝ። ላም በግራ። ጋሪ በቀኝ። ጋሽ ሳህሌ ያን ሁሉ ከረሜላ ለምን ያድሉን እንደነበር ያን ምሽት ነው በደንብ የገባኝ፤ የሰው ዓይን ተበድሮ መሄድ እንዴት እንደሚያስፈራ፣ ደግሞም እንዴት እንደሚያሳርፍ።